በብዕር አያያዝ የታሰረ እጅ

መቀመጥ አልወድም። ዛሬም አልወድም፤ ያኔ በሃያ ሁለት ዓመቴማ ወንበር ላይ ሩብ ሰዓት መቆየት እስር ቤት የገባሁ ያህል ይሰማኝ ነበር። የጤና ረዳትነት ኮርሴን ደሴ ጨርሼ ዕጣ ሲወጣ ሰቆጣ ደረሰኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የደረሰሽን አልፈልግም አይባልም። ከኮረም ወዲያ ያለውን መንገድ በጭነት መኪና፣ ከጆንያ ጋር እየተንገጫገጭኩ ስሄድ ለራሴ የሰጠሁት ጊዜ ስድስት ወር ብቻ ነበር። በደረስኩ በሳምንቱ የመጀመሪያውን የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። በወሩ ሁለተኛውን። የጤና ጣቢያው ጥበቃ "ዶክተር ዛሬም ደብዳቤ አላት" እያለ ይስቅብኝ ነበር። ዶክተር አልነበርኩም። እዚያ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ እኔም ሲጠሩኝ ደስ ስለሚለኝ አላረምኳቸውም።

መሪጌታው የመጡት ኅዳር ላይ፣ በገበያ ቀን ነው። ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ዳዊቱንም ድርሳኑንም በቀለምና በመቃ ብዕር፣ በብራና ላይ ፊደል በፊደል የሚጽፉ። ፃግብጂ ላለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ጀምረው እኩሌታው ላይ ደርሰው ነበር። በዋዜማው ሊመሽ ሲል ኩራዙ ይገለበጥና እሳቱ የተጻፉት የብራና ቅጠሎች ላይ ይፈሳል። ሌላ ሰው ቢሆን ጨርቅ ይፈልግ ነበር። እሳቸው በቀኝ መዳፋቸው ደፍጥጠው አጠፉት። ቅጠሎቹ ተረፉ፤ መዳፋቸውና የጣቶቻቸው የውስጥ ገጽ ግን ተገሽልጦ ነበር።

የተቃጠለ እጅ እንዴት እንደሚታሰር ተምሬያለሁ። ጣቶቹ ለየብቻ፣ በመካከላቸው ፋሻ ገብቶ፣ ተዘርግተው፣ ከሥር እንጨት ተደርጎ። አስተማሪያችን ይህን ስንት ጊዜ እንዳስደገመን አልረሳውም። እናም ዘርግቼ ልጀምር የመሐል ጣታቸውን ስነካ መሪጌታው ጮኹ።

"ተይ ልጄ፣ ተይ! ምነው እንዲህ ትጨክኚብኛለሽ?"

"መዘርጋት አለበት፣ የኔታ።"

"የለም፣ አይዘርጋ። ብዕር እንደያዘ አድርገሽ እሰሪው። አያያዙን እንዳይረሳ።"

ያን ሲሉ እጃቸውን ራሳቸው ሰብሰብ አደረጉት፤ አውራ ጣትና ጠቋሚ ተገናኝተው፣ ሌሎቹ ከሥር ታጥፈው። እንዲያ ሲሆን ሕመሙ ቀለል ይላቸዋል። ከውጭ ወረፋው እስከ አጥሩ ደርሷል። ከዚያም በላይ ሌላ ነገር ነበር። ወደ ወልድያ የሚመለሰው የጭነት መኪና ገበያው ዳር ሞተሩን አስነስቶ ነበር፤ ሦስተኛው ማመልከቻዬ በጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነው፣ ለሾፌሩ መስጠት አለብኝ፣ ካመለጠኝ ሌላ መኪና መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። "እሺ" አልኩ። ፋሻ በብዕር ውፍረት ጠቅልዬ በአውራ ጣታቸውና በጠቋሚያቸው መካከል አስገባሁና እጁን እንዳለ ጠቀለልኩት። እንዲያውም አምሮብኝ ነበር። ከዚያ ገበያውን እየሮጥኩ አቋርጬ ደብዳቤውን በመስኮት ወረወርኩለት።

በየሁለት ቀኑ ፈትቼ አጠብኩ፣ ቅባት ቀባሁ፣ መልሼ በዚያው ቅርጽ አሰርኩ። መግል አልያዘም። ኮራሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ቆም ብዬ "ቁስሉ የሚድነው ወደ የት ነው?" ብዬ አልጠየቅኩም። ሲዘጋ የመጨረሻውን ፋሻ ፈታሁና "በሉ የኔታ፣ ይዘርጉት" አልኳቸው።

አልተዘረጋም። ከመዳፉ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ቀይ፣ ደረቅ፣ እንደ ጠፍር የጠነከረ ጠባሳ ወጥሮ ይዞታል። መሪጌታው መጀመሪያ ሳቁ። "አየሽ፣ አልረሳም" አሉና ብዕራቸውን ከደረታቸው አውጥተው በእጁ ውስጥ አስገቡት። ልክክ አለ። በብጣሽ ወረቀት ላይ ለመጻፍ ሞከሩ። ለመጻፍ ግን ብዕር መያዝ አይበቃም፣ ጣት መንቀሳቀስ አለበት፤ ጣቶቹ ደግሞ አንድ ላይ ተቆልፈዋል። ከትከሻቸው ጀምረው ክንዳቸውን ሙሉ ሲያንቀሳቅሱት ወረቀቱ ላይ የወጣው ዶሮ የጫረችው ነገር ነው። ፈገግታቸው ጠፋ። ብዕሩን በግራ እጃቸው ነቅለው አወጡና "እንግዲህ ሌላ ሥራ አላውቅም" አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእጃቸው የነገሩት መሰለኝ።

የእኔ ጥፋት መሆኑን ያኔውኑ አውቄያለሁ። ለማንም ግን አልተናገርኩም። ሁሉም እሳቱን ይወቅስ ነበር፤ እኔም አብሬ እሳቱን ወቀስኩ።

ደሴ ሆስፒታል ቢሄዱ የጠባሳውን ጠፍር ቆርጠው ሊያቃኑት ይችሉ ይሆናል። ለዚህ ግን ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ቢገኝ ደግሞ መንገዱ አንድ ሳምንት ክፍት፣ ሁለት ሳምንት ዝግ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በሦስተኛው "ጓዲት፣ ለዳዊት ጸሐፊ ነው እንዴ ይህን ያህል ላብ?" አለኝ። ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁ። እንዳልታሰር ያደረገኝ ልጁን ከሳምንት በፊት ማዋለዴ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረም። ወጥቼ ከጤና ጣቢያው ግቢ እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ ግቢው ስመላለስ ዋልኩ። ቁጭ ብዬ ማሰብ አልቻልኩም፤ ቁጭ ስል የሚታየኝ ያ እጅ ነው።

መፍትሔ ይዞ የመጣው የመሪጌታው ታናሽ ወንድም ነው። ብራና ዳማጭ ነበር፤ የፍየል ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ አለስልሶ ለታላቅ ወንድሙ መጻፊያ የሚያዘጋጅ። በዕድሜ ከእኔ በሃያ ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለው ነበር። ጤና ጣቢያ ከመሪጌታው ጋር ገብቶ የወንድሙን እጅ ተቀበለና ሳያየው፣ ወደ በሩ እያየ፣ በአውራ ጣቱ ጠባሳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው።

"ይሄ እኮ ያለ መወጠሪያ የደረቀ ነው" አለ።

እኔ ደግሞ እሳት ጎርሼ ነበር። "ጋሼ፣ ይሄ የፍየል ቆዳ አይደለም! ነፍስ ያለው ሥጋ ነው!"

"እሱማ ይብሳላ። የሞተው ፍየል እንኳ ካልወጠርሁት ተኮማትሮ እፍኝ ነው የሚያህል። በሕይወት ያለው ዝም ብሎ ይቀመጥልሻል?"

በነጋታው ሥራውን ለማየት እቤቱ ግቢ ሄድኩ። ቆዳዎቹ በአራት ማዕዘን የእንጨት መወጠሪያ ላይ፣ ዙሪያቸውን በገመድ ተይዘው ቆመዋል። በእያንዳንዱ ገመድ ውስጥ ትንሽ እንጨት ተሰክቷል፤ ወንድምየው በዞረ ቁጥር እንጨቷን ጥቂት ብቻ ያዞራታል፣ ያረጥባል፣ ያልፋል። ከሰዓት ይመለስና እንደገና ጥቂት። "ባንዴ ብትስቢውስ?" አለኝ፣ የማስበውን ፊቴ ላይ አንብቦ። "ይቀደዳል። ቀዳዳው ደግሞ ጤፍ ቢያህል እንኳ ውሎ አድሮ ሰፍቶ ታገኚዋለሽ።" ቆሜ ስመለከት አንዱም ቆዳ ሲንቀሳቀስ አላየሁም። ግን ጠዋት የጠበቀው ገመድ ከሰዓት ረግቦ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ለእጅ የሚሆን መወጠሪያ ሠራን። ወንድምየው ከወይራ እንጨት ክንድ የሚያሳርፍ ጣውላ ጠረበ፤ ጫፉ ላይ ለእያንዳንዱ ጣት አንድ አንድ የሚዞር ችንካር። ጣቶቹን የሚይዝ ለስላሳ የጨርቅ ቀለበት ሰፋሁ። ገመድ ሲደርቅ ስለሚቆርጣቸው በምትኩ ላስቲክ ያስፈልገን ነበርና ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቀጭኑ ቆርጠው ሰጡኝ፤ "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያውቅበታል" እያሉ። በቀን ሦስት ጊዜ እጁን ለብ ባለ ውኃ እናርሳለን፣ በሰሊጥ ዘይት እናሻለን፣ ጣውላው ላይ እናስራለን፣ ችንካሩን ጥቂት እናዞራለን። ጥቂት ማለት የሚያም ግን የማያስጮህ ነው።

አንድ ሳምንት አለፈ። ለውጡ የጥፍር ስፋት አይሞላም። ሁለተኛው ሳምንት አለፈ። መሪጌታው በትዕግሥት ተቀምጠው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት በቃላቸው እየደገሙ ነው። እኔ ግን ክፍሉን ስዞረው፣ ፋሻ ስጠቀልል ስፈታ፣ መስኮት ስከፍት ስዘጋ ነበር። አንድ ቀን ወንድምየው ሳይመጣ ዘገየ። ብቻዬን ነበርኩና በዚህ አካሄድ መቼም አያልቅም አልኩ። የመሐል ጣቱን ችንካር አንድ ዙር ሳይሆን ሦስት ዙር አዞርኩት።

ድምፁን ሰማሁት። ትንሽ ነው፣ ሸማ ሲተረተር እንደሚሰማው። ከጣቱ ሥር ጠባሳው ተሰንጥቆ ደም ወጣ። መሪጌታው አልጮሁም፤ "እግዚኦ" ብቻ አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወንድምየው ደርሶ ሲያይ ጣውላውን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደው። ከዚያ ለወንድሙ በኽምጥኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ቋንቋቸውን አልሰማም፤ ያን ቀን የተባለውን ግን አስተርጓሚ ሳያስፈልገኝ ገብቶኛል።

ስንጥቁ እስኪድን ሁለት ሳምንት ቆምን። ሲድን ደግሞ እዚያ ቦታ የወጣው ጠባሳ ከበፊቱ ወፈረ፣ ቀላ፣ ጠነከረ፤ ጣቱም ከጀመርንበት አልፎ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ያን ዕለት የመርፌ ክፍሉን ቆልፌ አለቀስኩ። በአንድ ሰው እጅ ላይ ሁለት ጊዜ ቸኩያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የከፈሉት እሳቸው ናቸው።

ምን እንደሠራሁ በትክክል የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለተጨማሪ ትምህርት አዲስ አበባ ገብቼ አንድ አስተማሪ ከጠባሳ የተወሰደ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አሳየን። ድሮ በኮርሳችን ሥጋ ማለት የሴል ክምር ነው፣ በመካከሉ ያለው መሙያ ነው ተብሎ ታልፏል። መሙያ አይደለም። በሴልና በሴል መካከል ሴሎቹ ራሳቸው ፈትለው የዘረጉት የፕሮቲን ገመድ አለ፤ ዋናው ኮላጅን ይባላል። ሴሉ ገመዱን ይሠራል፣ ገመዱ ደግሞ በተራው ሴሉን ያዝዘዋል። ሴሉ ገመዱን በብዙ ቦታ ጨብጦ ስለሚይዝ ምን ያህል እንደተወጠረ፣ ምን ያህል እንደጠነከረ ይሰማዋል፤ እንደተሰማውም ይሆናል። ለስላሳ ነገር ላይ ያሳረፉት ሴል ተሰብስቦ ዝም ይላል። ያንኑ ሴል ጠጣር ነገር ላይ ቢያኖሩት ይዘረጋል፣ ይጠነክራል፣ መጎተት ይጀምራል። ያው አንድ ሴል ነው፤ የተለወጠው ያረፈበት ነው።

ቁስል ሲዘጋ እነዚህ ሴሎች ገመዱን ጨብጠው ጠርዙን ወደ ጠርዝ ይስባሉ። የሚመክታቸው ካላገኙ አጥንቱ እስከፈቀደላቸው ድረስ ይስቡና እዚያው፣ ባጠረው ልክ፣ አዲስ ገመድ ፈትለው ያስሩታል። ዘርግቶ የያዛቸው ካለ በተዘረጋው ልክ ይፈትላሉ። የተሰበሰበውም ቢሆን በቀስታ፣ ለረጅም ጊዜ ከተወጠረ አሮጌውን ገመድ እየፈቱ በአዲሱ አቅጣጫ ይዘረጉታል። በኃይል ከተቀደደ ግን ደም ይመጣል፣ እብጠት ይመጣል፣ ሌላ የሴል ጭፍራ ይጠራል፣ ያ ጭፍራ ደግሞ የሚያውቀው ገመድ መጨመርና መሳብ ነው። መሪጌታው እጅ ላይ በሦስት ዙር የጠራሁት ይህን ነው። አስተማሪው ሲጨርስ ክፍሉ በአድናቆት አጨበጨበ። እኔ ተናደድኩ። ሰቆጣ ውስጥ አንድ ሰው ይህን በአውራ ጣቱ ያውቀው ነበር፤ ሲነግረኝም ጮኼበታለሁ። ነገሩን ወደ ሰው ሕይወት አዙሬ ምሳሌ እንዳደርገው የሚጠብቅ ካለ ይተወኝ፤ ስብከት አልችልም።

ወደዚያ ዓመት ልመለስ። ጥር ላይ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። አሁን ችንካሩን የሚያዞረው ወንድምየው ነው፤ የእኔ ሥራ ማርጠብ፣ ማሸትና እጄን ሰብስቤ መቀመጥ ሆነ። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ የመጨረሻው ነበር። ጠቋሚ ጣታቸው በየካቲት መላላት ጀመረ። አውራ ጣታቸው ተከተለ። የመሐሉ፣ ያ እኔ የቀደድኩት፣ እየተጎተተ ከኋላ ቀረ።

መጋቢት ላይ ወረቀት መጣ። ዝውውሬ ተፈቅዷል፤ ወልድያ። ያ በመኪና መስኮት የወረወርኩት ማመልከቻ ነው መልስ ያገኘው። ጥበቃው ጥርሱን ፈገግ አድርጎ አምጥቶ ሲሰጠኝ እንዳልደሰት ያደረገኝ ምን እንደሆነ አልገባውም። ኃላፊዬን ለምኜ እስከ ፋሲካ ማግሥት አስረዘምኩት። ሰዎች ደግ ናት አሉ። ደግነት አልነበረም፤ እፍረት ነው። ያን እጅ ታጥፎ ትቼው ብሄድ ወልድያም ድረስ እንደሚከተለኝ አውቅ ነበር።

የምሄድበት ዋዜማ መሪጌታው ቤታቸው ጠሩኝ። ወንድምየው ደጃፉ ላይ ብራና ይፍቃል። እሳቸው ጉልበታቸው ላይ ሰሌዳ አድርገው፣ ንጹሕ ቅጠል ዘርግተው፣ ቀለሙን ከጎናቸው አስቀምጠው ተቀምጠዋል። አውራ ጣታቸው፣ ጠቋሚያቸውና የመሐል ጣታቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ የመሐሉ እየሰነፈ ቢሆንም። የቀለበት ጣታቸውና ትንሿ ጣት እንደታጠፉ ቀርተዋል፤ ከዚያ በኋላም አልተቃኑም። አንድ መስመር ጻፉ። ተመለከቱት። ቢላቸውን አንስተው ፋቁት። እንደገና ጻፉ፣ እንደገና ፋቁት። ብራናው እየሳሳ ብርሃን ማሳየት ጀመረ። በሦስተኛው ቢላዋ አላነሱም።

"ይሄ የእኔ ፊደል አይደለም" አሉ። "የእኔን ያዩ ካህናት ይሄን ሲያዩ ሌላ ሰው ነው የጨረሰው ይላሉ። ይበሉ።"

"ከየት ነው የጀመሩት የኔታ?" አልኩ።

"ከመጨረሻው። ዳዊቱ እስኪያልቅ አንቺ የለሽም። የመጨረሻዋን ቅጠል አስቀድሜ ልጻፋት ብዬ ነው፤ ለጻፈ ላስጻፈ ጸልዩ የሚባልባትን። ከእኛ ሥር አንቺም ትገቢያለሽ። ክርስትና ስምሽ ማን ነው?"

ከወንበሩ ተነሣሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሣሁ። ከዚያ ሳላስበው ወጣ።

"እኔን አይጻፉኝ" አልኩ። "የዚያን ዕለት ጣቶቹ ተዘርግተው መታሰር እንዳለባቸው አውቅ ነበር። ተምሬዋለሁ። ስላመመዎት ብቻ አይደለም እሺ ያልኩት። የዝውውር ደብዳቤዬን የምልክበት መኪና ሊያመልጠኝ ነበር። ለዚያ ስል ነው።"

ደጃፉ ላይ የፍቀቱ ድምፅ ቆመ። መሪጌታው ቀና ብለው አላዩኝም፤ የሚያዩት እጃቸውን ነው። ተቆጥተው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ምነው በተራገሙ ብዬ ስጠብቅ ቆየሁ።

"መኪናውንስ ደረስሽበት?" አሉ በመጨረሻ።

"ደረስኩበት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዕሩ ላይ ያለው ቀለም ደርቆ ነበር። በጨርቅ ጠረጉትና እንደገና ነከሩት።

"ክርስትና ስምሽን ነው የጠየቅሁሽ" አሉ።

ተቀምጬ ነገርኳቸው። ወለተ ብሎ የሚጀምር ረጅም ስም ነው። ፊደሎቹ እየተንጋደዱ፣ በየመካከሉ ጣታቸውን እያሳረፉ፣ አንድ በአንድ ጻፉት፤ እኔም የመጨረሻው ፊደል እስኪያልቅ ከወንበሩ አልተነሣሁም።